ለፐርሲቫል ነርቭ ሲባል

ከተማችን በታሪኳ ብዙ ታላላቅ ነገሮችን ተቋቁማ ያለፈች ናት። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የሐይቅ ሙላት፣ ብዛታቸውን እግዜር ብቻ የሚያውቀው ከንቲባዎች ተፈራርቀውባታል። ይህን ሁሉ ስታሳልፍ አንድም ቀን ድምፅዋን ቀንሳ አታውቅም። በመጨረሻ ዝም ያሰኛት አንድ ውሻ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን በዝምታ ማለፋቸው ቢያሳዝነኝም፣ ጉዳዩ የዝምታ ጉዳይ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እኔ አናክሌቶ ግን ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ በኛ ሙያ ዝም ማለት ነውር ነው።

ውሻው ፐርሲቫል ይባላል። ጌቶቹ ኖርማንና ግሌንዳ፣ ከካናዳ በጡረታ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከሱቄና ከመኖሪያዬ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን አሮጌ ቤት ተከራዩ። አከራዩ፣ "ከመግባታችሁ በፊት ግድግዳውን ልጠግነው" ቢላቸው፣ ግሌንዳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "በፍጹም! ስንጥቁን እንዳትነኩብን፤ ነፍስ ያለው ስንጥቅ ነው" አለች። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሲያፍርበት የኖረው ስንጥቅ ነፍስ እንዳለው ያን ዕለት ተረዳ። በማግስቱ ሌላኛውን ቤቱን በመዶሻ ሲመታ ታየ።

በመጡ በሳምንቱ ግሌንዳ የሕፃን ጋሪ እየገፋች በአደባባዩ ስታልፍ ባለቤቴ ኦቲሊያ አየቻት። ሴትዮዋ ፀጉሯ ነጭ ነው። ይሁን እንጂ የእግዜርን ሥራ ማን ያውቃል ብላ ኦቲሊያ ልትመርቅ ሮጠች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ! ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት። ዱቼስ ትባላለች" አለች ግሌንዳ። "ትላንት ትንሽ አስመልሷታል።"

ኦቲሊያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ በግንባሯ ላይ ልታማትብ ጎንበስ ስትል፣ ጢም ያላት ሕፃን ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ በንቀት አየቻት።

"በስመ አብ! ይቺማ ድመት ናት!"

"አዎ ጌታዬ" አለች ግሌንዳ በኩራት። "የናንተ ድንጋይ መንገድ ለእግሯ ይሻክራታል።"

ጌታዬ ማለቷ ለንቀት አይደለም። ቋንቋችንን በትጋት እየተማረች ነበር፤ ሴትና ወንድ የሚለየው ምዕራፍ ላይ ግን ገና አልደረሰችም። ኦቲሊያ ቤት ገብታ መቀነቷን እያጠበቀች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ልጅ ሳሳድግልህ አንድ ጋሪ ገዝተህልኛል?" አለችኝ።

"ጢም አልነበራቸውማ" አልኳት። እራት የበላሁት ቀዝቃዛ ነው።

መቼም እንደ ኖርማንና ግሌንዳ አገራችንን የወደደ ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ የማንወደውን ሁሉ ይወዱልናል። መብራት ሲጠፋ፣ "አይ እናንተ፣ ከሻማ ጋር እንዴት ያለ ቅርበት አላችሁ!" ትላለች ግሌንዳ፤ ኖርማንም በመስማማት ራሱን ይነቀንቃል። አውቶቡሱ ሲቀር፣ "ጊዜ እዚህ አገር ነፃ ነው" ትላለች። እኛም ቀስ በቀስ ድህነታችንን በአድናቆት ማየት ጀምረን ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ፤ እሱም ድምፅ ነው።

እውነት ለመናገር ከተማችን ጉሮሮ አልተነፈጋትም። ጎህ ሲቀድ አውራ ዶሮዎቹ ይነሳሉ። ዶሮዎቹን ለማስቆም ይመስል ደወሉ ይቀጥላል። ደወሉ ሲያባራ ጋዝ ሻጩ በመኪናው ኋላ ያሰረውን ሰንሰለት በድንጋዩ ላይ እያንቋቋ፣ "ጋኣኣኣዝ!" ብሎ ይመጣል። ቢላ ሞራጁ ዋሽንቱን ይነፋል። የከተማው ባንድ የጡሩምባ ልምምዱን መቃብር ቦታው አጠገብ ያደርጋል፤ ሙታን ቅሬታ ስለማያቀርቡ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ርችት አለ። ለቅዱሳን እንተኩሳለን፣ ለሠርግ እንተኩሳለን፣ ለልደትና ለቀብርም እንተኩሳለን። ርችት ሠሪያችን ዶን ቴሌስፎሮ (ዶን በኛ አገር አቶ ማለት ነው፣ ዶኛ ደግሞ ወይዘሮ) ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው፣ በቀሩት ጣቶቹ ግን የሚኮራ ሰው ነው። "ሰማይ በር ነው፤ በር ደግሞ ሳያንኳኩ አይከፈትም" የምትለው አባባል የሱ ናት።

አንድ ማለዳ ርችት በተተኮሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግሌንዳ የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ሱቄ ገባች። አንድ ደንበኛ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሞልቶ ተቀምጧል።

"ዶን አናክሌቶ! ጦርነት ነው?"

"አይደለም እመቤቴ፤ ቅድስት ሪታ ናት።"

"ማንን ነው የምትተኩሰው?"

"እሷ አትተኩስም። እኛ ነን የምንተኩስላት።"

"ፐርሲቫል ግን ተንቀጠቀጠች! ፐርሲቫል ነርቭ አላት!" አለችና ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ወጣች። ፐርሲቫል ወንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ደንበኛዬ ከአረፋው ሥር፣ "ነርቭ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የተማረ ሰው ፍርሃት ነው" አልኩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጎረቤቶቼ ኑሮ በሙሉ በፐርሲቫል ነርቭ ዙሪያ ተደራጀ። ርችት በተሰማ ቁጥር ጆሮው በሱፍ ሹራብ ይጠቀለላል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ኖርማን አልጋ ሥር ገብቶ በለሆሳስ ያነብለታል። ውሻው ግን ይንቀጠቀጣል፣ በሩን ይቧጭራል፣ ያለቅሳል። በግድግዳው በኩል እሰማው ስለነበር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። በርችት ሥር ተወልደን በርችት ሥር ያደግን ሰዎች፣ ነርቭ የሚባል ነገር ስላልተፈጠረብን አፈርን።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር መጥቀስ ይኖርብኛል። ባልና ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውንም በጥጥ ደፍነው መተንፈስ ይለማመዳሉ። ዓይናቸው ሲጨፈን ፐርሲቫል በጓሮው አጥር ሥር ባለች ቀዳዳ ሹልክ ይላል። መጀመሪያ ዶኛ ብሪሂዳ ዘንድ ይሄዳል። ብሪሂዳ በገበያው መግቢያ የአሳማ ቆዳ ጠብሳ የምትሸጥ ባልቴት ናት፤ እኛ ቺቻሮን እንለዋለን። እዚያ ቁርሱን ያደርጋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ለውለታዋ የገበያውን ሌቦች እየጮኸ ያባርርላታል። ቀጥሎ ዶን ቴሌስፎሮ ዘንድ ጎራ ይላል። የንግሥ ቀን ከሆነ፣ ርችት ተኳሾቹን ቀድሞ፣ ጅራቱን እንደ ባንዲራ ሰቅሎ ከሰልፉ ፊት ይሮጣል። ርችቱ ዷ! ባለ ቁጥር ወደ ሰማይ ይዘላል። ከተማው ሁሉ "ዶን ቺቻሮን" ይለዋል። ትንፋሽ ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ወደ ቤቱ ተመልሶ በሽተኛ ይሆናል።

ስለዚህ የሚንቀጠቀጠው ርችቱን ፈርቶ አልነበረም። የሚንቀጠቀጠው ርችቱ ያለ እሱ ሲተኮስ ነው።

"ልንገራት እንዴ?" ብዬ ኦቲሊያን ጠየቅኳት።

"አርፈህ ተቀመጥ! በውሻና በጌታው መሃል የገባ ከሁለቱም ይነከሳል" አለችኝ። ደግሞም ከተማው በሙሉ የሚያውቀው፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የማያውቁት ምስጢር ካለ፣ እንዲህ ያለ ሀብት በከንቱ አይባከንም።

በዚህ መሃል የሳን ሮኬ ንግሥ ተቃረበ። ሳን ሮኬ የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ ነው፤ በንግሡ ቀን የሚተኮሰው ርችት ጥርስ ያነቃንቃል። ግሌንዳ ለከንቲባ ባልዶሜሮ አቤት አለች። ባልዶሜሮ የውጭ አገር ሰው ሲያይ ልቡ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ሰው ነው። ጉዳዩ የሕዝብ ነው ብሎ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ግሌንዳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ ፐርሲቫል ጆሮው በሹራብ እንደተጠቀለለ። ብሪሂዳ በአጠገቡ ስታልፍ እንዳላያት ሆኖ አንገቱን አዞረ። ሹመት ያገኘ ሰው የድሮ ጓደኛውን ሲያይ የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ክቡራትና ክቡራን! ከተማችን በድምፅ ዘርፍ ያስመዘገበችው ዕድገት የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ከድምፅ ወደ ዝምታ የሚደረገው ሽግግር ጊዜ የማይሰጥ መሆኑን ባለድርሻ አካላት በአጽንዖት ገልጸዋል።"

"ባለድርሻ አካላቱ እነማን ናቸው?" ሲል ዶን ቴሌስፎሮ ከኋላ ጮኸ።

ከንቲባው በክብር ወደ ፐርሲቫል አመለከተ።

"እኔ ለሳን ሮኬ ሁለት ጣት ሰጥቻለሁ!" አለ ቴሌስፎሮ እጁን ከፍ አድርጎ። "ይሄ ውሻ ምን ሰጥቷል?"

አዳራሹ አጉረመረመ። ነገሩ ሊበላሽ ሲል ግሌንዳ ውሻዋን አቅፋ ተነሳች።

"ወንድሞቼ ሴቶች፣ እህቶቼ ወንዶች" ብላ ጀመረች። "ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሳን ሮኬን አየኋት። እግሯ ሥር ምን አለ?"

"ውሻ!" አልን ሁላችንም። የሳን ሮኬ ምስል ያለ ውሻው ተሠርቶ አያውቅም።

"ውሻ!" አለች። "ይህን ሁሉ ዘመን ጆሮዋ ሥር ስትተኩሱ፣ ከናንተ መሃል ያቺን ውሻ 'ደህና ነሽ ወይ?' ብሎ የጠየቃት አለ?"

እንዲህ ያለ ነገር አስበን አናውቅም ነበር። ብሪሂዳ በሽርጧ እንባዋን ጠረገች። ውሻው ከእንጨት የተጠረበ መሆኑ በዚያች ሰዓት ለማንም ትዝ አላለውም፤ ትዝ ያለውም ካለ ጨካኝ ላለመባል አፉን ያዘ። እንዲህ ሆኖ የጋራ መግባባት ላይ ተደረሰ፤ ማለትም ከንቲባው ወሰነ፣ እኛም ወደየቤታችን ሄድን። የዘንድሮው ንግሥ ድምፅ አልባ ይሆናል። ከተማዋም ለልምምድ ያህል ከዚያው ዕለት ጀምራ ዝም ትላለች።

ዝምታውም መጣ። ዶሮዎቹ ገጠር አማቶቻችን ዘንድ ተላኩ። የደወሉ ምላስ ካልሲ ለበሰ። ባንዱ ጡሩምባውን ሳይነፋ በጣቶቹ ብቻ መለማመድ ጀመረ፤ ብዙ ሰው መሻሻሉን መሰከረ። ጋዝ ሻጩ ሰንሰለቱን ፈትቶ በየመስኮቱ እየተጠጋ፣ "ጋዝ... ጋዝ..." እያለ ያንሾካሹካል። አንዲት መበለት የሞተው ባሏ ከወዲያኛው ዓለም የጠራት መስሏት፣ "አልመጣም፣ እዚያው ሁን!" ብላ ባልዲ ውሃ ደፋችበት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቅ እንደ እኔ ያለ ድሃ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ያስተኛል። ፀሐይ ፊቴ ላይ እስክትወጣ ተኛሁ። ኦቲሊያ፣ "ስታንኮራፋ የሰማሁህ ገና ዛሬ ነው፤ ለካ እስከዛሬ ርችቱ ሸፍኖህ ነው" አለችኝ። ለሰው ፊት ግን ከቴሌስፎሮ ጋር ሆኜ ስለ ባህላችን መጥፋት አለቅስ ነበር።

ፐርሲቫልም መንቀጥቀጡን ተወ። ግሌንዳ በደስታ የምትገባበት ጠፋት። "አየሻት ዶን አናክሌቶ? ዳነች!" አለችኝ። ውሻው በሩ ሥር ተዘርግቶ ነበር። አይበላም፣ አይጮኽም፣ ወደ አጥሩ ቀዳዳም ዞር አይል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ባዶውን ሰማይ አየና መልሶ ጭንቅላቱን መሬት ላይ ጣለ። በኔ ሙያ ብዙ ፊት አይቻለሁ፤ ያ የዳነ ሰው ፊት አልነበረም።

የንግሡ ዕለት ሳን ሮኬ በዝምታ ወጣ። ዶን ቴሌስፎሮ ባዶ የርችት እንጨት ተሸክሞ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ከፊት ሄደ። ባንዱ በጣቶቹ ተጫወተ። ከንቲባው ንግግሩን በሹክሹክታ አነበበ፤ ማንም ስላልሰማው፣ ከንግግሮቹ ሁሉ የተወደደለት ይህኛው ነው። ሁሉም ነገር እንደታቀደው እየሄደ ሳለ፣ ከኮረብታው ማዶ "ዷ... ዷ..." የሚል ድምፅ ተሰማ። ለካ የማዶው ከተማም ሳን ሮኬን ያነግሣል፤ ነርቭ ያለው ውሻ ደግሞ አልደረሰውም።

ሰልፉ አልቆ ሁላችን ስንበተን፣ ግሌንዳ ከቤቷ በር ላይ ጮኸች።

"ፐርሲቫል! ፐርሲቫል የለችም! ፐርሲቫል!"

አደባባዩን የሚጠብቀው ፖሊስ በጥድፊያ መጥቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። "እመቤቴ፣ ድምፅ" አለ በሹክሹክታ። "ሕግ ነው። ውሾች አሉ።"

እሷም ዝም አለች፤ ሕጉ የራሷ ነውና። ስለዚህ ፍለጋው በሹክሹክታ ሆነ። ኖርማን መኪና ሥር እየገባ፣ "ፐርሲቫል..." ይላል፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ኦቲሊያ በገበያው፣ እኔ በሐይቁ ዳር፣ ጋዝ ሻጩ በየመስኮቱ አንሾካሾክን። ጋዝ ሻጩ ልማድ ስለያዘው "ጋዝ"ንም ጨምሮበታል። ውሻው የለም።

ከሰዓት በኋላ ግሌንዳ ሱቄ ገብታ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ከጎኗ የቆመው ኖርማን እስከዚያ ቀን "ደህና ዋሉ" ከማለት በቀር ከአፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ተናገረ።

"ልጅ የለንም" አለኝ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ። "ሥራ ስንተው ቤታችን ጸጥ አለ። በጣም ጸጥ አለ። አንድ ቀን ግሌንዳ 'ይሄ ጸጥታ ይገድለኛል' አለች። ያኔ ነው ፐርሲቫልን ያመጣነው።"

በእጄ የያዝኩት ምላጭ ከበደኝ። እኔና ኦቲሊያ ተያየን። "በቃ፣ ይንከሰን!" አለችና ወጥታ ብሪሂዳንና ቴሌስፎሮን ጠርታ መጣች።

"ዶን ቺቻሮንን ነው የምትፈልጉት?" አለች ብሪሂዳ ላቧን እየጠረገች።

"ፐርሲቫልን ነው" አለች ግሌንዳ።

"እሱኑ ነው የምልሽ። ጆሮው ቡናማ፣ ጅራቱ ጫፉ ነጭ። ቁርሱን እኔ ጋ ነው የሚበላው፤ የአሳማ ቆዳ።"

"ፐርሲቫል ሥጋ አትበላም! የተቀቀለ ካሮት ነው የምትበላው!"

"ምስኪን!" አለች ብሪሂዳ ከልቧ። "ለዚህ ነዋ እንደዚያ የሚሻማው።"

"ርችትም ትፈራለች! ትንቀጠቀጣለች!"

"ማን? እሱ?" አለ ቴሌስፎሮ። "እመቤቴ፣ ከኔ ቀድሞ እኮ ነው የሚሮጠው። ባንድ ሲያልፍ ሚስቴ በር ብትቆልፍብኝ እኔም እንቀጠቀጣለሁ። አሁን የማዶው ርችት ጠርቶት ሄዶ ነው፤ ሌላ የት ይሄዳል?"

ግሌንዳ አንድ በአንድ አየችን። ከተማው በሙሉ ያውቅ እንደነበር ፊታችን ላይ አነበበች። ትሰድበናለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ባሏ ዞራ፣ "ኖርማን፣ መኪናውን" ብቻ አለች።

ተጭነን ኮረብታውን ተሻገርን። መንገዱ የጭነት መኪናዎች የሚግተለተሉበት ነው፤ በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ግሌንዳ በመስኮት አንገቷን አውጥታ የመንገዱን ዳር ታያለች፣ ያየችውም ነገር ድንጋይ ወይም ጆንያ ሲሆን ትተነፍሳለች። የማዶው ሰዎች ወዲያው አወቁት።

"ጅራቱ ነጭ? አዎ፣ ጠዋት ከሳን ሮኬ ፊት ሲሮጥ ነበር! ጎበዝ ውሻ ነው፣ የናንተ ነው እንዴ? ርችቱ ሲያልቅ ግን ወደ መንገዱ ወረደ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም።"

ዙሪያውን ዞረን ጠራን፣ አጣን። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀመረች። ከዚያ ወደ ከተማችን ተመለስን፤ ግሌንዳ መኪናው ሳይቆም ወርዳ የቴሌስፎሮን የርችት መሥሪያ በር በረገደችው። ሳይተኮስ የቀረው የንግሡ ርችት በሙሉ ግድግዳውን ታኮ ቆሟል።

"ተኩስ!" አለች።

"አልችልም እመቤቴ" አለ ቴሌስፎሮ ባርኔጣውን አውልቆ። "ለውሻ ነርቭ ሲባል ተከልክሏል።"

"ሌላ ምን ይጠራዋል? ድምፄን አይሰማም። ይህን ግን ይሰማል። ዶን ቴሌስፎሮ፣ ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ!"

ወንዱን ወንድ ብላ ስትጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ቴሌስፎሮ አንድ ርችትና የሚጨስ ገመድ አነሳና እጇ ላይ አስቀመጠላት።

"እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ" አላት። "ሕጉን የጻፈችው እጅ ታፍርሰው። ክንድሽን ዘርጊ፣ ፊትሽን አዙሪ፣ ሲጎትትሽ ልቀቂው።"

ለኮሰችው። ርችቱ ፉጨቱን ለቆ ወጣና ሰማዩ ላይ ጧ! ብሎ ፈነዳ። ያን ሁሉ ቀን ታፍኖ የቆየ ከተማ ከየበሩ ብቅ አለ። ግሌንዳ ሁለተኛውን ለኮሰች፣ ሦስተኛውን፣ ከዚያ ቴሌስፎሮም መታገሥ አልቻለም፤ በሁለት እጁ ይተኩስ ጀመር። አንድ ሰው ካልሲውን ከደወሉ ምላስ ላይ ገፈፈው። ባንዱ በጣቱ ብቻ የተለማመደውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ነፋው፤ መሻሻሉ ውሸት መሆኑ ታወቀ።

ከንቲባ ባልዶሜሮ፣ "ማን ነው? ማን ነው ሕግ የጣሰው?" እያለ በሹክሹክታ እየሮጠ መጣ። ግሌንዳን ፊቷ በጭስ ጠቁሮ፣ ቅንድቧ ተጠብሶ አገኛት። ታላቅ መሪ መሆኑ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ለቅጽበት እንኳ አላመነታም። ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

"ክቡራትና ክቡራን! የዝምታ መርሐ ግብራችን በታላቅ ድምቀት መጠናቀቁን ሳበሥር ደስታዬ ወሰን የለውም!"

አጨበጨብንለት።

ርችቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በላይኛው መንገድ በኩል አንድ ጭቃ የለበሰ ነገር ብቅ አለ። አንድ እግሩን እያነከሰ፣ ጅራቱን ግን ሰቅሎ። ሹራቡ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ግሌንዳ ጮኸችና ጉልበቷ ላይ ወድቃ ክንዷን ዘረጋች። ፐርሲቫል ሮጦ መጣ፣ ፊቷን አንድ ጊዜ ላሰ፣ ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ቀጣዩ የት አለ? ማለቱ ነው። ኖርማን መንገዱ መሃል ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ብሪሂዳ አንድ ቁራጭ የአሳማ ቆዳ ለውሻው፣ አንድ ደግሞ ለኖርማን ሰጠች። ሁለቱም ሳያላምጡ ዋጡት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ለቅሶዬንና ሳቄን ጨርሼ ወደ ምላጬ እመለስ ነበር። ግን ወደ እምነቱ አዲስ የገባ ሰው ከተወለደበት የበለጠ ይተጋል።

ግሌንዳ የዶን ቴሌስፎሮ ደቀ መዝሙር ሆነች። የገለባ ባርኔጣ አደረገች። ቋንቋችን አፏ ላይ ተቃና፤ ከርችት ተኳሾች ጋር ስለዋለች ከሰዋስው ጋር ስድቡንም ቻለችው። የቅዱሳንን በዓል በሙሉ አጠናች፤ እኛ ለትልልቆቹ ብቻ ነበር የምንተኩሰው፣ እሷ ግን እናቶቻቸው እንኳ የረሷቸውን ቅዱሳን ከያሉበት ፈልጋ አወጣች። ለካ ቅዱስ የሌለበት ቀን የለም። ኖርማን የባንዱን ትልቁን ጡሩምባ መማር ጀመረ፤ ልምምዱን የሚያደርገው ነፍስ ካለው ስንጥቅ አጠገብ፣ ማለትም ከአልጋዬ ራስጌ ነው። ከንቲባው ለግሌንዳ "የባህል ጠባቂ" የሚል ማዕረግ ሰጣት። ዶሮዎቹም ከአማቶቻችን ዘንድ ወፍረው ተመለሱ።

እኔ ግን እንቅልፍን አንድ ጊዜ ቀምሻለሁ። ፍሬዋን የበላ ሰው እንዳልበላ መሆን አይችልም። ኦቲሊያም ዓይኗ ቀልቶ፣ "ወንድ ከሆንክ ሂድና ንገራት" እያለች ትወጋኛለች። አንድ ማለዳ፣ ስሙን ሰምቼ ለማላውቀው ቅዱስ ርችቱ ጣሪያዬን ሲያናውጠው፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ሄድኩና በራቸውን አንኳኳሁ። ግሌንዳ የሚጨስ ገመድ በእጇ ይዛ ከፈተች። ፐርሲቫል በእግሯ መሃል አፍጥጦ አየኝ፤ የማይመች ሰው መምጣቱ ገብቶታል።

"ደህና አደሩ ዶን አናክሌቶ! ምነው በማለዳ?"

"እመቤቴ" አልኩ ብርድ ልብሴን እየሰበሰብኩ፣ "በትሕትና አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር። ይሄ ርችት... ትንሽ ቢቀንስ? ቢያንስ ፀሐይ እስክትወጣ? ባለቤቴ ነርቭ... እኔም ነርቭ ጀምሮኛል።"

በግሌንዳ ፊት ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የነበረው ትዕግሥት ነው፣ ትልቅ ሰው ገና ነገሩ ላልገባው እንግዳ የሚያሳየው ዓይነት።

"ይገባኛል" አለችኝ። "መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ይከብደዋል። ግን ዶን አናክሌቶ፣ ሰው የሚኖርበትን አገር ባህል ማክበር አለበት። እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምንኖረው።"

ከዚያ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችልኝ።

"ጸጥታ ለሚወድ ሰው ደግሞ" አለች በርኅራኄ፣ "ካናዳ አለለት።"